በዕቁብ ብር ጅቡቲ ይደረሳል?

ይህ ደብዳቤ የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ረዘም ይል ስለነበር አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ31 ዓመት ወጣት ነኝ። ፋብሪካ ውስጥ በኤሌክትሪክ ጥገና እሠራለሁ። ነፍሱን ይማረውና አባቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳና መስመሩ ወደ ጅቡቲ ሲዞር እሱም አብሮ ዞረ። ልጅ ሆኜ ስለ ጨው ሐይቅና እንፋሎት ስለሚተፋ ድንጋይ ያወራልኝ ነበር። አሁን የዕቁብ ዕጣ ወጥቶልኝ 150,000 ብር ይዣለሁ። ጓደኛዬም ያንኑ ያህል አለው። ለ10 ቀን ጅቡቲን አይተን መመለስ እንፈልጋለን። ሥራ ፍለጋ አይደለም። ሰዉ ‹ዱባይ አይሻልም? ጅቡቲ ምን አለ?› ይለናል። እናቴ ደግሞ የጅቡቲን ስም ስትሰማ ታለቅሳለች። ብሩ ይበቃናል? በጭነት መኪና ጋቢና ብንሄድስ? እናቴንስ ምን ልበላት? የዕቁቡ ባለዕጣ ነኝ።»

የዕቁቡ ባለዕጣ፣ እንኳን ወጣልህ። መልሱን ሳላስረዝም ልንገርህ። ለሁለት ሰው ለ10 ቀን አይበቃም። አራት ሆናችሁ ለ7 ቀን ብትሄዱ ግን ይበቃል፤ እንዲያውም ትንሽ ይተርፋል። ምነው ሰው ሲበዛ ወጪ ይቀንሳል እንዴ ካልክ ትንሽ ታገሠኝ።

እኔ ደሴ ላይ 22 ዓመት የጭነት መኪና ድርጅት ሂሳብ ሠርቻለሁ። ሥራዬ የሾፌሮችን ውሎ አበል ማወራረድ ነበር። ሻይ የፈሰሰበት፣ ላብ ያራሰው የፍራንክ ደረሰኝ ሲገለባበጥ ነው ዕድሜዬ ያለፈው። ጅቡቲንም ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ። የመጀመሪያው ጉዞዬ ሰኔ ላይ ነበር። ከደሴው ጦሳ ተራራ ሥር ሹራቤን እንደለበስኩ ወጥቼ እዚያ ስደርስ ምድጃ አፍ ላይ የቆምኩ መሰለኝ። ገንዘብ ልቆጥብ ብዬ ቬንቲሌተር ብቻ ያለው ክፍል ያዝኩ። እሱ የሞቀውን አየር ወስዶ መልሶ ፊቴ ላይ ይደፋዋል። በሁለተኛው ሌሊት አንሶላውን ውሃ ነክሬ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን እጥፍ ከፍዬ ኤሲ ያለው ክፍል ገባሁ። የቆጠብኩት በሙሉ ተነነ።

ስለዚህ ከብሩ በፊት ወሩን ምረጥ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ እንዳታስበው። ደህናው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። በዚያ ወቅት ጠዋትና ማታ በእግር መሄድ ትችላለህ፤ የታክሲ ወጪህም ይቀንሳል። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ከዓሣ ሁሉ ትልቁ ዌል ሻርክ አርታ አካባቢ ባሕሩ ዳር ድረስ ይመጣል። ስሙ ሻርክ ይሁን እንጂ ሰው አይነካም። ረመዳን የሚገባበትንም ቀን አስቀድመህ እይ። እንደ እኛ ወሎ ጎረቤት ጠርቶ የሚያበላህ የለም፤ ምግብ ቤቱ ቀን ቀን ዝግ ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ነገሩ ወዲህ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር ታስሯል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላለም። የእኛ ብር ግን ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ የት እንደደረሰ አንተም ታውቃለህ። ስለዚህ በጀትህን በብር አትሥራ። በፍራንክ ሥራው። እዚያ ዋጋ ስትጠየቅም በ178 አካፍለህ ዶላሩን እወቅ። 1,000 ፍራንክ 5 ዶላር ከ60 ሳንቲም ገደማ ነው። ያቺን ቁጥር በቃልህ ያዛት።

ለሂሳብ እንዲቀለን አንዱን ዶላር በ150 ብር እንያዘው። ስትሄድ የዕለቱን የባንክ ዋጋ አስገባበት።

ከ150,000 ብርህ ላይ አስቀድመህ 30,000 ለይ። ይህ የመመለሻህና የክፉ ቀንህ ነው። ከሌላው ብር ጋር አይቀላቀል፤ ለብቻው ይቀመጥ፤ ለጓደኛህም ቢሆን አይበደር። ሾፌሮቻችን ይህቺን ብር «የማትነካዋ» ይሏት ነበር። የነካት ሰው ከድንበሩ ከጋላፊ ወዲያ ሆኖ ቢሮ ሲደውል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! «ጋሼ፣ ጉድ ሆኛለሁ» ይላል። ብር ተበድሮ በሰው በሰው መላክ ነው እንግዲህ።

ቀጥሎ 12,000 ብር ለቪዛ፣ ለክትባትና ለትናንሽ ዝግጅት አስቀምጥ። የቪዛውን ዋጋ የምታመለክትበት ቀን ከአዲስ አበባው የጅቡቲ ኤምባሲ ጠይቅ። በየትኛው በር እንደሚያስገባህም አብረህ ጠይቅ፤ በባቡር፣ በመኪና ወይስ በአውሮፕላን። ብዙ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ሄዶ ድንበር ላይ ይጨቃጨቃል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው ግዴታ ነው። ከጉዞው 10 ቀን በፊት መከተብ አለብህ። አንዴ ከተከተብክ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ነው፤ «ጊዜው አልፏል» እያለ እንደገና ሊያስከፍልህ የሚሞክር ካለ አትስማው። ተራውንም ወባ አትናቅ። ከተማ ውስጥ የሚራባውና ከእስያ የመጣው የወባ ትንኝ አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው እዚያው ጅቡቲ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2012። የኮምቦልቻ ልጅ ስለሆንክ አጎበር ስለመስቀል አልነግርህም።

ለደርሶ መልስ መንገድ 20,000 ያዝ። የተረፈው «ከማትነካዋ» ጋር ይደመር።

ይህ ሁሉ ሲቀነስ 88,000 ብር ይቀርሃል። ወደ 587 ዶላር ነው። በፍራንክ ወደ 104,000። እዚያ የምትኖረው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ነው የሰው ቁጥር የሚመጣው። የአባትህን ጨው ሐይቅና እንፋሎት የሚተፋውን ድንጋይ ለማየት ሚኒባስ የለም። ላንድክሩዘር ከነሾፌሩ መከራየት አለብህ። በቀን ከ150 እስከ 200 ዶላር ይጠይቁሃል። እኛ 180 እንያዝ፣ ማለትም 32,000 ፍራንክ። ወደ አሳል ሐይቅ አንድ ቀን፣ ወደ አቤ ሐይቅ ሁለት ቀን፣ በድምሩ 96,000 ፍራንክ። ለሁለት ስትካፈሉት 48,000 ይደርስብሃል። አቤ ላይ ለሚታደርበት ጎጆና እራት 8,000 ጨምርበት፤ 56,000 ሆነ። ከ104,000 ላይ ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ለአራት ከተካፈላችሁት ግን የመኪናው 24,000 ብቻ ነው። ከማደሪያው ጋር 32,000። መኪናው እንደሆነ ሁለትም ጫነ አራት ነዳጁ ያው ነው።

የቀረውን ኑሮ በቀን በቀን እየው። ኤሲ ያለው ንጹሕ ክፍል ለሁለት ተካፍላችሁ ለአንድ ሰው 4,000 ፍራንክ ያዝ። ምግብ 3,500፣ ውሃና ትራንስፖርት 1,500። ሰባት ቀን ስትቆይ ስድስት ሌሊት ታድራለህ፤ አንዱ አቤ ሐይቅ ላይ ስለሆነ የሆቴሉ አምስት ነው። ሆቴል 20,000፣ ምግብ 24,500፣ ውሃና ትራንስፖርት 10,500፤ በድምሩ 55,000። አራት ከሆናችሁ በእጅህ 72,000 ስለሚቀር 17,000 ይተርፍሃል። ያቺ በጀልባ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ወዳለችው ታጁራ ከተማ ለመሻገር ወይም ዌል ሻርኩን ለማየት ናት። ሁለት ከሆናችሁ ግን ያለህ 48,000 ነው፤ 7,000 ይጎድልሃል። አራት ሆናችሁም 10 ቀን ልቆይ ካልክ ኑሮው ብቻ 82,000 ይፈጃል፤ 10,000 ይጎድልሃል። አሁን ገባህ? ቀኑን ቀንስና ሰው ጨምር። ከዕቁብተኛው መሀል ሁለት ሰው አይጠፋም።

«ምን አለና ነው እንዲህ የሚወደደው?» ትል ይሆናል። ጅቡቲ የምትበላውን ከውጭ ታስገባለች። አትክልቱም ጫቱም የሚሄደው ከእኛው ነው። የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና ጦር ሁሉ እዚያች አንዲት ትንሽ አገር ላይ ሰፍሯል። ቤት አከራዩም ባለሆቴሉም ዋጋ የሚቆርጠው የእነሱን ኪስ አይቶ ነው። አንተም በእነሱ ዋጋ ትከፍላለህ። ጫት የምትቅም ከሆነ ደግሞ ያንኑ የሐረርጌውን ጫት በፍራንክ ስትገዛው ያምሃል። እስክትመለስ ድረስ ብትተወው ጥሩ ነው።

ምግብ ላይ ግን አንድ ነገር አትቆጥብ። የየመን ዓሣ የሚሉት አለ። ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቀው ይከፍቱትና በርበሬ ቀብተው ጠለቅ ያለ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይሰቅሉታል። ጠርዙ ከሰል እስኪመስል ይጠብሱትና ከአንድ ትልቅ ትኩስ ቂጣ ጋር በወረቀት ላይ ይዘረጉልሃል። በእጅህ እየቆረስክ ነው የምትበላው። አንዱ ዓሣ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ስለዚህ ሁለት አትዘዝ። እኔ ሁለት አዝዤ አስተናጋጁ ስቆብኛል። በአማርኛ ነው የሳቀብኝ፤ «አይ የእኛ አገር ሰው፣ ሆድህ ስንት ነው?» ብሎ። አማርኛ የሚችል ሰው በየሄድክበት ታገኛለህ።

ዶላርህን ከባንክ ውሰድ። ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዘህ ስትሄድ ለተጓዥ ይሸጡልሃል። ሰነድህ እንደተሟላ ቶሎ ግዛው፤ ዕቁቡ በብር ሆኖ በተቀመጠ ቁጥር ፍራንኩ እየራቀ ነው። እዚያ ስትደርስ መሀል ከተማ፣ ምኒልክ አደባባይ በሚባለው አካባቢ፣ ቦርሳቸውን ታቅፈው የሚቀመጡ መንዛሪ ሴቶች ታያለህ። ዋጋው የታሰረ ስለሆነ ብዙም የሚያጭበረብሩህ ነገር የለም። ቢሆንም ቆጥረህ ተቀበል። ዓርብ ባንክም ቢሮም ዝግ ነው። በሌላውም ቀን ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ከተማው ይተኛል፤ አንተም ተኛ።

ስለ መንገዱ። ጋቢናውን ተወው። እርግጥ ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ ሰመራ፣ ከዚያ ጋላፊ መውጣት ከሁሉ አጭሩ ነው። ባቲን ሰኞ ገበያ ቀን ብታልፋት ደግሞ የአፋሩን፣ የኦሮሞውንና የአማራውን ገበያተኛ በአንድ ሜዳ ታያለህ። ግን የጭነት መኪና ሰው እንዲጭን ድርጅቱ አይፈቅድለትም። አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ አንተን አያውቅህም። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ፋይል ዘግቻለሁ፤ ለቤተሰቡ የሚሰጥ ነገር አልነበረም። ሁለተኛውን ምክንያት እናትህ ጋ ስደርስ እነግርሃለሁ።

የእኔ ምርጫ ባቡሩ ነው። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ከለቡ ጣቢያ በአዳማና በድሬዳዋ አድርጎ ጅቡቲ ናጋድ። ሀዲዱ ከ750 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። የመንገደኛው ባቡር በየቀኑ አይሄድም፤ ፕሮግራሙም ይለዋወጣል። ትኬት ሳትይዝ ሆቴል አትያዝ። በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ግን ያኔ የመንገዱ 20,000 ብር ለደርሶ መልስ አይበቃህም። በየትኛውም ብትሄድ ከኮምቦልቻ የምትወጣበትን መንገድ ጸጥታ በዚያው ሳምንት መናኸሪያ ሄደህ ከሾፌሮች ጠይቅ። ከእነሱ ቀድሞ የሚያውቅ የለም።

እናትህ።

እናትህ የምታለቅሰው ባለማወቅ አይደለም። የወሎ እናት ጅቡቲ ስትባል የሚታያት የባሕር ዳሩ ኦቦክ ነው። ስንቱ የሰፈር ልጅ በዚያ በኩል ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳውዲ ሊሻገር ወጥቶ ቀርቷል። በ2016 ዓ.ም. ብቻ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባ ከጅቡቲ ጠረፍ አጠገብ ሰጥሞ የእኛው ልጆች አልቀዋል። ስለዚህ «እማዬ፣ አትጨነቂ» ብሎ ማለፍ አይሆንም። የመመለሻውን ትኬት አሳያት። «የማትነካዋን» ብር ቁጠርላት። የፓስፖርትህንና የሆቴሉን አድራሻ ኮፒ እሷ ጋ ተው። በየቀኑ ማታ በአንድ ሰዓት እንደምትደውል ንገራትና ደውል። እዚያ ስትደርስ መጀመሪያ የምትገዛው ሲም ይሁን።

ያልኩህ ሁለተኛ ምክንያትም ይኸው ነው። እናትህ ብቻ ሳትሆን ፖሊሱም እንደዚያ ነው የሚያይህ። ከወሎ የመጣ ወጣት በሌሊት ከጭነት መኪና ጋቢና ሲወርድ ማን ቱሪስት ነው ይለዋል? ከፋብሪካው የዓመት ፈቃድ ደብዳቤ ማኅተም ያለበት አጽፈህ ያዝ። ከመመለሻ ትኬቱና ከሆቴሉ ወረቀት ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ አድርገህ ከእጅህ አይለይ። መግቢያ ማኅተምህን ሳታስመታ ከድንበር አትንቀሳቀስ። ወደቡንና የጦር ካምፖቹን ፎቶ አታንሳ። ቀልድ አይደለም፤ ስልክህን ያስቀርብሃል።

«ዱባይ አይሻልም?» ለሚሉህ መልስ አትስጥ። ፎቅ ማየት የፈለገ ፎቅ ይይ።

አንተ አሳልን ታያለህ። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር፣ ከአፍሪካ ምድር ሁሉ ዝቅተኛው ቦታ ነው። ውሃው ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ይጨዋል። ነጩ ጨው ላይ ስትሄድ ከእግርህ ሥር እንደ በረዶ ይንኮሻኮሻል። ነጠላ ጫማ አድርገህ አትግባ፤ ጠርዙ ይቆርጣል። ከቁስልህ ይልቅ ቁስልህ ውስጥ የሚገባው ጨው ነው የሚያስጮህህ።

ገንዘብህ ለአንድ ሐይቅ ብቻ ቢበቃህ ግን እኔ አቤን ምረጥ እልሃለሁ። አባትህ ያወሩልህ እንፋሎት የሚተፋው ድንጋይ እዚያ ነው። ከሐይቁ ዳር እንደ ጭስ ማውጫ የቆሙ የኖራ ድንጋዮች አሉ፤ ትልልቆቹ 50 ሜትር ይደርሳሉ። ከአንዳንዶቹ ጫፍ እንፋሎት ይወጣል። ማደር ያለብህም ለዚህ ነው፤ በቀትር ብትሄድ አመድማ ድንጋይ ብቻ ነው፣ ጎህ ሲቀድ ነው መልኩ የሚወጣው። ፍየል የሚነዱ የአፋር ልጆች በመሀሉ ያልፋሉ። ከሐይቁ ማዶ ያለው የእኛ አገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ከደሴ ወርዶ በእናንተ ከተማ የሚያልፈው ቦርከና ጨፋን አቋርጦ መጨረሻው አዋሽ ነው። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። ለጥጥና ለሸንኮራ ተቀድቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ የተረፈችው ውሃ አቤ ሐይቅ ገብታ እዚያው ትቀራለች። ድልድዩ ላይ ቆመህ የምታያት ውሃ ማለት ናት። አንተ ባቡርና ላንድክሩዘር ተከራይተህ የምትሄድበትን እሷ በነጻ ትሄዳለች።

ስትመለስ የተረፈህን ፍራንክ እዚያው ጨርሰው። ኮምቦልቻ ይዘኸው ብትመጣ የሚመነዝርልህ አታገኝም፤ ሳንቲሙማ ለልጆች መጫወቻ ነው የሚሆነው። ናጋድ ጣቢያ ከመድረስህ በፊት ከተማው ገበያ ግባና ለእናትህ ጥሩ ሽቶና ቴምር ግዛላት። ሻጩ የመጀመሪያውን ዋጋ ሲጠራ በ178 አካፍል።